አገልግሎትና ሕዝብ በባሌ ደጋ፦ ከጎባ እስከ ሮቤ

ጎባና ሮቤ በ14 ኪሎ ሜትር ብቻ የተራራቁ የባሌ ደጋ ከተሞች ናቸው። በሁለቱ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉ ወረዳዎች በሕክምና ተራ፣ በመማሪያ ክፍልና በውሃ ቦኖ የሚታየው ጫና ብዙውን ጊዜ «ሕዝቡ በዛ» በሚል አባባል ይታለፋል። የሕዝብ መጨመር እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያለፉት ዘመናት ታሪክ ሲመረመር ሌላም ምክንያት ይገኛል፤ ይኸውም አገልግሎቱ የተቀመጠበት ቦታና ሕዝቡ የሚኖርበት ቦታ ሳይገጣጠሙ መቆየታቸው ነው።

ሕዝቡ ወደ አገልግሎት የተጓዘበት ዘመን

ባሌ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከሐረርጌ ተለይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት ስትሆን መቀመጫዋ ጎባ ነበረች። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በዚያው በመሰባሰባቸው ከቆላውም ሆነ ከሩቅ ደጋ የሚመጣ ባለጉዳይና ሕመምተኛ ረጅም መንገድ መጓዝ ነበረበት። ግብሩ ግን ከየቀዬው ይሰበሰብ ነበር። የመሬት ልኬትና የግብር ምሬት ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የቆየውን የባሌ ገበሬዎች አመፅ ካቀጣጠሉት ምክንያቶች መካከል ናቸው። ሕዝብ የሚከፍለውን ከሚያገኘው ጋር እንደሚያነጻጽር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሕዝቡን ወደ አገልግሎት ማምጣት

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ በኋላ የገበሬ ማኅበራት ተደራጁ። የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ተከትለው ተቋቋሙ። ከኢትዮ-ሶማሊያ ጦርነት ማግስት ደግሞ በባሌ የመንደር ምሥረታ ተጀመረ። ይህ ፕሮግራም በ1977 ዓ.ም. ወደ ሐረርጌ ከዚያም ወደ ሌሎች ክፍላተ ሀገራት ሲስፋፋ ባሌ እንደ አርአያ ተጠቅሳለች። ለገበሬው የተነገረው በአንድ ቦታ ቢሰባሰብ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ንጹሕ ውሃ በቅርቡ እንደሚያገኝ ነው። አንዳንድ ቦታ የተባለው ቢመጣም ብዙ ገበሬ ከማሳውና ከግጦሹ ራቀ፤ የተሰበሰበው ሕዝብም የሚጠብቀውን አገልግሎት በወቅቱ አላገኘም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙዎቹ ወደ ቀድሞ ቀዬአቸው ተመለሱ።

አገልግሎቱን ወደ ሕዝቡ መውሰድ

ከዚያ ወዲህ አካሄዱ ተገለበጠ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ከክፍያ ነጻ አደረገ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ለ5,000 ያህል ሰው አንድ ጤና ኬላና ሁለት ሠራተኞች እንዲኖሩ መለኪያ አስቀመጠ። ቆይቶም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ጤና ኬላ ሲከፈት ሕመምተኛ አይቀንስም፤ ቤቱ ተኝቶ ይቀር የነበረው ይታወቅና ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ይላካል። አንደኛ ደረጃ ሲስፋፋም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይጨናነቃል። ስለዚህ የጫናው አንዱ ክፍል የተሳካ ሥራ ያስከተለው ነው። ችግሩ የታችኛው እርከን ሲሰፋ የላይኛው በዚያው ልክ አለመስፋቱ ነው።

ሁለቱ ከተሞችና ቁጥራቸው

የዞኑ አስተዳደር መቀመጫ ሮቤ ከሆነ በኋላ የሁለቱ ከተሞች ደረጃ ተለዋወጠ። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ጎባ 28,358፣ ሮቤ 21,516 ነዋሪ ነበራቸው። በ1999 ዓ.ም. ጎባ 32,025 ስትደርስ ሮቤ ከእጥፍ በላይ አድጋ 44,382 ሆነች። ለዚህ ዕድገት መሥሪያ ቤቶቹ ብቻ ሳይሆኑ ስንዴውም ድርሻ አለው። በገናና በቦና በዓመት ሁለት ጊዜ የሚታጨደው የሲናና፣ የአጋርፋና የጋሠራ ምርት ነጋዴውን፣ የጭነት መኪናውን፣ የኮምባይነር ሠራተኛውንና የቀን ሠራተኛውን ወደ ሮቤ ይስባል።

መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው ይኸው ቆጠራ በተካሄደበት በ1999 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የመጡት ተማሪዎችና መምህራን፣ እነሱን ተከትሎ የከተመውም ሁሉ በቆጠራው ውስጥ የለም። ጎባ የሚገኘው ሪፈራል ሆስፒታልም የሚያስተናግደው የጎባን ነዋሪ ብቻ ሳይሆን ከሩቅ ወረዳዎች የሚላከውንም ሕመምተኛ ነው።

ለ2010 ዓ.ም. ታቅዶ የነበረው 4ኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሞ እስካሁን አልተካሄደም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለወረዳዎች በጥቅል የሚመደበው በጀት ሲቀመር የሕዝብ ብዛት አንዱ መሠረት ነው። ሕዝቡ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ላይ በቆመ ግምት ሲታቀድለት፣ በፍጥነት ያደገ አካባቢ ከሚገባው ያነሰ ሊደርሰው ይችላል። የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ የሚውል በመሆኑ ደግሞ ለመድኃኒት፣ ለመጽሐፍና ለውሃ መስመር ጥገና የሚተርፈው ጥቂት ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ

በ1991 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 147 እንደገና የተደራጁት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለማኅበረሰብ ማሰብን ከመርሆዎቻቸው አንዱ አድርገው ይሠራሉ። በባሌ ደጋ አርሶ አደሩ በገንዘቡም በጉልበቱም ትምህርት ቤትና መንገድ ሲሠራ ኖሯል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መምህር ያልተመደበለት ክፍልም ሆነ መድኃኒት የሌለው ጤና ኬላ ከግድግዳ አያልፍም። ስለዚህ አባላት ለግንባታ ከማዋጣታቸው በፊት የሠራተኛውን ደመወዝና የጥገናውን ወጪ ማን እንደሚችል ከወረዳው ጋር በጽሑፍ መስማማት ይኖርባቸዋል። የወረዳ ኃላፊዎችም መዋጮውን የበጀት ምትክ አድርገው ሊቆጥሩት አይገባም።

ሁለተኛው ድርሻ መረጃ ነው። እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር የአባላት መዝገብ አለው። መዝገቡ የአባሉን ቤተሰብ ብዛት፣ ለትምህርት የደረሱ ልጆቹን ቁጥርና የሚጠቀምበትን የውሃ ምንጭ ቢይዝ ለወረዳ ዕቅድ ጠቃሚ ማስረጃ ይሆናል። አባል ያልሆኑትን ስለማያካትት አገር አቀፉን ቆጠራ አይተካም፤ ነገር ግን ግምቱ ከመሬት ላይ ካለው የቱን ያህል እንደራቀ ያሳያል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሸክሙን አስተካክሎ ለማከፋፈል ግን ሰዎቹ ስንት እንደሆኑና የት እንዳሉ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።