ያልተወለደው ባለርስት
ስለ መሬት መዝገብ፣ ስለ ሐሰተኛ መያዣና ስለ ካሣ የቀረበ ታሪካዊ ጽሑፍ

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል የአገራችን ሰው። መሬት የሚነጠቀው ወሰን በመግፋትና ድንጋይ በመንቀል በነበረበት ዘመን ምሳሌው እውነቱን አልሳተም። መሬት በመዝገብ መታወቅ ከጀመረ ወዲህ ግን አጥሩ ሳይነቃነቅ፣ ባለቤቱም ሳይሰማ፣ በአንድ ሐሰተኛ ፊርማ ርስትን ማሳጣት የሚቻል ሆኗል። የሌላውን ሰው ስም ለብሶ፣ ቤቱን በመያዣነት አስይዞ መበደር የዛሬ ዘመን ወንጀል ይመስለናል፤ ታሪኩ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቅየሳና የመሬት መዝገብ የሙያችን አንድ ክፍል ስለሆኑም፣ ጉዳዩ ለሕግ አዋቂዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ቀጥሎ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ ሕግ ይተዳደሩ በነበሩ አገሮች መሬት የሚገዛ ሰው፣ ሻጩ ከማን እንደገዛ፣ ያም ከማን እንደወረሰ ወደ ኋላ እየቆጠረ የቆዩ ውሎችን ሁሉ ማስመርመር ነበረበት። ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ከእርሱ ወዲህ ያለው ሁሉ ይፈርሳል። በደቡብ አውስትራሊያ የጉምሩክ ሹም የነበረው ሮበርት ሪቻርድ ቶረንስ፣ መርከብ በመዝገብ ላይ በሚሰፍር አንድ ቃል ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ያይ ስለነበር፣ መሬትስ ስለ ምን እንዲሁ አይሆንም ሲል ጠየቀ። በ1858 በዚያው አገር የወጣው ሕግ የዚህ ጥያቄ ፍሬ ነው። ሕጉ ሦስት ነገሮችን አቆመ። አንደኛ፣ የባለቤትነት ምንጩ የቆየው ውል ሳይሆን መዝገቡ ራሱ ሆነ። ሁለተኛ፣ የምስክር ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ በጽሕፈት ቤቱ፣ ሌላው በባለቤቱ እጅ እንዲቀመጥ ተደረገ። ሦስተኛ፣ በመዝገቡ አሠራር ምክንያት ያለ ጥፋቱ ርስቱን የሚያጣ ሰው ካሣ እንዲያገኝ የዋስትና ገንዘብ ተቋቋመ።

ሥርዓቱ ወደ ሌሎቹ የአውስትራሊያ ግዛቶች፣ በ1870 ወደ ኒው ዚላንድ፣ እንዲሁም ወደ ካናዳ ልዩ ልዩ ክፍሎች ተስፋፋ። ነገር ግን መዝገቡ የመሬቱን ወሰን ያውቃል እንጂ፣ በፊቱ ቆሞ የሚፈርመው ሰው ማን እንደሆነ አያውቅም። ይህም ጉድለት ብዙ ሳይቆይ ተገለጠ።

በቪክቶሪያ ግዛት አንዲት ሴት የምስክር ወረቀቷን በጠበቃዋ እጅ ትታ ከአገር ርቃ ነበር። ጠበቃው የዝውውር ሰነድ በሐሰት አዘጋጅቶ ርስቱን «ሂዩ ካሜሮን» ለሚባል ሰው አስመዘገበ። ሂዩ ካሜሮን ግን ያልተወለደ፣ በጠበቃው ብዕር ብቻ የተፈጠረ ሰው ነበር። ቀጥሎም ጠበቃው በዚሁ ስም መሬቱን አስይዞ 3,000 ፓውንድ ተበደረና ገንዘቡን ለራሱ አደረገው። እንግዲህ በፍርድ አደባባይ የቀሩት ሁለቱ ንጹሓን ናቸው፤ ርስቷን ያጣችው ባለቤትና በመዝገቡ አምነው ገንዘባቸውን ያበደሩት ሰዎች። ለአንዱ የሚፈረደው ፍትሕ በሌላው ላይ ጉዳት ይሆናል። «ጊብስ እና ሜሰር» በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ክርክር በ1891 ለንደን ላይ በፕሪቪ ካውንስል ተወሰነ። አበዳሪዎቹ የተዋዋሉት ከእውነተኛ ተመዝጋቢ ጋር ሳይሆን ከአስመሳይ ጋር በመሆኑ መያዣው ዋጋ የለውም ተባለ፤ ርስቱም ከዕዳ ነጻ ሆኖ ለሴትዮዋ ተመለሰ።

በ1967 ግን ይኸው ጉባኤ፣ «ፍሬዘር እና ዎከር» በተባለው የኒው ዚላንድ ክርክር፣ ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረ። አንዲት ሚስት የባሏን ፊርማ አስመስላ የጋራ ርስታቸውን አስይዛ ተበደረች፤ ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር አበዳሪው መሬቱን ሸጠው። ሰነዱ ሐሰተኛ ቢሆንም፣ በቅንነት የተዋዋለ ሰው ስሙ በመዝገብ ከሰፈረ መብቱ ይጸናል ተብሎ ተፈረደ። ምንም ያልፈረመው ባል ርስቱን አጣ።

በካናዳ የኦንታሪዮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2005 ሐሰተኛ መያዣ በመመዝገቡ ብቻ ይጸናል ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት አንዲት አስመሳይ የአንዲትን ባለቤት ስም ይዛ ቤቷን ሸጠች፤ ገዢ ነኝ ባዩም በሐሰት ስም ከ290 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ ተበደረበት። ጉዳዩ በዚሁ ፍርድ ቤት ፊት ሲቀርብ፣ በ2007 የቀድሞ ውሳኔውን ሽሮ መያዣውን አፈረሰው። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ ባለቤቷ በቤቷ ተቀምጣ ማጭበርበሩን የምታውቅበት መንገድ የላትም፣ ተበዳሪውን የመመርመር ዕድል ያለው ግን አበዳሪው ነው። የግዛቱ ምክር ቤትም ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ2006፣ በማጭበርበር የተመዘገበ ሰነድ ዋጋ እንዳይኖረው ደንግጎ ነበር።

ስለ ካሣው አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። የቶረንስን ሥርዓት በተቀበሉ ብዙ አገሮች ተበዳዩ አስቀድሞ አጭበርባሪውን እንዲከስ፣ ከእርሱ ሊያገኝ ባልቻለ ጊዜ ብቻ ወደ ዋስትናው ገንዘብ እንዲሄድ ይጠየቅ ነበር። የተሰወረን ሌባ ፈልጎ መክሰስ፣ ከዚያም «እኔ አልፈረምሁም» ብሎ ያላደረጉትን ነገር ማስረዳት፣ ጊዜና ገንዘብ ለሌለው ሰው ሁለተኛ በደል ነው።

በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሰፊ ድንጋጌ ይዟል፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ታውጇል። ስለዚህ የውጪዎቹ ታሪክ ለእኛም ባዕድ አይደለም።

እኛ የሙያው ሰዎች የይዞታን ማዕዘን በሴንቲ ሜትር እንለካለን፤ ስሕተታችንንም በሒሳብ እናርማለን። የባለቤቱ ማንነት ግን በብዙ ቦታ በአንድ ፊርማና በአንድ ፎቶግራፍ ብቻ ሲታመን ኖሯል። ከ1858 ጀምሮ ያለው ታሪክ የሚያስተምረን ይህ ነው፤ «ባለቤቱ እገሌ ነው» ብሎ የሚመሰክር መዝገብ ምስክርነቱ ሐሰት ሆኖ በተገኘ ጊዜ ለጉዳቱም ሊዋስ ይገባዋል። ዋስትና የሌለው መዝገብ፣ ወሰኑ የቱን ያህል በትክክል ቢለካ፣ ለባለቤቱ አጥር አይሆነውም።