ግላዲስ ኤይልዋርድ

ግላዲስ ኤይልዋርድ (የካቲት 17 ቀን 1894 – ታኅሣሥ 1962 ዓ.ም.) በቻይና፣ በኋላም በታይዋን የሠራች እንግሊዛዊት ክርስቲያን ሚሲዮናዊት ነበረች። ይበልጥ የምትታወቀው በሁለት ነገሮች ነው፤ በያንግቼንግ ወኅኒ ቤት የተነሣውን ብጥብጥ በማብረዷ፣ እንዲሁም በጃፓን ወረራ ጊዜ 100 ያህል ወላጅ አልባ ሕፃናትን በእግር ተራራ አቋርጣ ከጦርነቱ ቀጠና በማውጣቷ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው።

የመጀመሪያ ሕይወት

ግላዲስ በ1902 በሰሜን ለንደን ኤድመንተን በሚባል ሰፈር ተወለደች። አባቷ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ትምህርቷን በ14 ዓመቷ አቋርጣ በሀብታሞች ቤት በቤት ሠራተኛነት ተቀጠረች። ወደ ቻይና ሄዳ ወንጌል ለመስበክ ፈልጋ በ1865 በሃድሰን ቴይለር ለተመሠረተው የቻይና አገር ውስጥ ሚስዮን አመለከተች። ማኅበሩ ለሦስት ወር ያህል ካሠለጠናት በኋላ የቻይንኛ ትምህርት አይገባትም ብሎ አሰናበታት። ዕድሜዋም ሃያዎቹን እየጨረሰ ስለነበር ቋንቋ ለመማር የዘገየች ሆና ታየች።

እሷ ግን ወደ ሥራዋ ተመልሳ ገንዘብ ማጠራቀም ጀመረች። በዚያን ጊዜ ካገለገለቻቸው ቤቶች አንዱ በ1903–1904 ወደ ቲቤት የዘመተውን የእንግሊዝ ጦር ጉዞ የመራው የሰር ፍራንሲስ ያንግሀዝባንድ ቤት ነበር። የመርከብ ዋጋ ከአቅሟ በላይ ስለሆነ በሳይቤርያ የሚያልፈውን ባቡር መረጠች። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ያለ ማኅበር ድጋፍና ያለ ደመወዝ ጉዞ ጀመረች። በመንገዷ ላይ ሶቭየት ኅብረትና ቻይና በድንበር ይጋጩ ስለነበር በሶቭየት ባለሥልጣኖች ተይዛ ከተንገላታች በኋላ በጃፓን በኩል ዞራ ቻይና ደረሰች።

የያንግቼንግ ማረፊያ

ያንግቼንግ በሻንሺ ክፍለ ሀገር በተራራ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እዚያ የጠበቀቻት ጂኒ ሎውሰን የተባለች በሰባዎቹ ዕድሜ የምትገኝ ስኮትላንዳዊት ሚሲዮናዊት ነበረች። ሕዝቡ የውጭ አገር ሰዎችን «ሰይጣኖች» እያለ ስለሚሸሻቸው ሁለቱ ሴቶች ሰው ወደ እነሱ የሚመጣበትን ዘዴ ፈለጉ። በከተማዋ የሚያልፉት ጭነት የሚያመላልሱ በቅሎ ነጂዎች ሌሊቱን የሚያሳልፉበት ቦታ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ቤታቸውን «የስምንቱ ደስታዎች ማረፊያ» ብለው ከፈቱት። ነጂዎቹ ለመግባት ሲፈሩ ግላዲስ የመሪዋን በቅሎ ልጓም ይዛ ወደ ግቢው ትጎትት ነበር፤ ሌሎቹም በቅሎዎች ይከተላሉ፣ ገፈራውን ካዩ በኋላ ደግሞ የሚያስወጣቸው የለም። ማታ ማታ ከእራት በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ይነገራቸዋል። ነጂዎቹ በየመንደሩ ሲያልፉ የሰሙትን ያወሩ ስለነበር ወሬው ከሁለቱ ሴቶች ቀድሞ ይጓዝ ነበር።

በለንደን አይገባትም የተባለውን ቋንቋ የተማረችው በዚህ ግቢ ነው። መምህሮቿ ምግብ አብሳዩና በቅሎ ነጂዎቹ ነበሩ፤ የምትናገረውም የተራራውን ሰዎች ንግግር ነበር። የማኅበሩ ፈተና የለካው መጽሐፍ ማንበብን እንጂ ይህን ዓይነቱን ችሎታ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሎውሰን ብዙም ሳትቆይ ወድቃ በደረሰባት ጉዳት ሞተች፤ ትንሿ ገቢያቸውም አብራ ቀረች። በዚያው ጊዜ የቻይና መንግሥት የሴት ልጆችን እግር በጨርቅ ጠፍንጎ ማሰር ከልክሎ ነበር። ክልከላውን በየቤቱ እየዞረ የሚያስፈጽም ሰው ሴት መሆን አለባት፤ ተራራ ለመውጣት ደግሞ እግሯ ያልታሰረ መሆን ነበረበት። የአውራጃው ሹም ሥራውን ለግላዲስ ሰጣት። እሷም እግረ መንገዷን ወንጌል ለመናገር ፈቃድ አግኝታ ተቀበለች። በ1936 የቻይና ዜግነት ወሰደች። ሰዎቹ «አይ ዌይ ደ» ይሏት ነበር፤ ትርጉሙም ወደ «ምግባረ መልካሟ» ይጠጋል።

ወኅኒ ቤቱ

በከተማዋ ወኅኒ ቤት እስረኞች እርስ በርሳቸው መገዳደል ሲጀምሩ ጠባቂዎቹ ለመግባት ፈሩ። የወኅኒ ቤቱ አዛዥም ግላዲስን አስጠራት። አምላኬ ይጠብቀኛል ብለሽ የምትሰብኪ ከሆነ ግቢና አስቁሚያቸው የሚል ነበር ነገሩ። ገብታ መጥረቢያ የያዘውን ሰው መሣሪያውን እንዲሰጣት አዘዘችው፤ ሰጣትም። ከዚያ እስረኞቹ ተወካይ መርጠው ችግራቸውን እንዲነግሯት ጠየቀች።

ይህ ታሪክ በዋናነት የሚታወቀው ከራሷ አንደበትና በ1957 ከታተመው የአለን በርጀስ «ትንሿ ሴት» ከተባለው መጽሐፍ ስለሆነ ዝርዝሩ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ሆኖም ከብጥብጡ ይልቅ ልብ የሚባለው ቀጥሎ የሆነው ነው። እስረኞቹ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ፤ ምግባቸውም ዘመድ ከሚልክላቸው ብዙ አያልፍም፣ ዘመድ የሌለው ይራባል። ግላዲስ አዛዡን ወቅሳ ሥራ እንዲሰጣቸው አሳመነችው። መሸመኛና ወፍጮ ተገኘላቸውና ሠርተው የሚበሉበት መንገድ ተከፈተ። እሷም መመላለሷን አላቆመችም። ከብዙ ዓመት በኋላ በቼንግዱ ስትኖር እስረኞችንና የሥጋ ደዌ ሕሙማንን መጎብኘት መደበኛ ሥራዋ ነበር።

ሕፃናቱ

የመጀመሪያዋን ልጅ ያገኘችው መንገድ ላይ ነው። አንዲት ሴት የተጎሳቆለች ሕፃን ይዛ ስትሸጥ አይታ በጥቂት ሳንቲም ገዛቻትና አሳደገቻት፤ በእንግሊዝኛ ያወጣችላት ስምም «ዘጠኝ ፔንስ» ማለት ነው። ከዚያች ሕፃን በኋላ ሌሎችም መጡ። በ1938 የጃፓን አውሮፕላኖች ያንግቼንግን ሲደበድቡ ማረፊያው የቁስለኞችና የወላጅ አልባዎች ቤት ሆነ።

በጦርነቱ ገለልተኛ አልነበረችም። ስለ ጃፓን ጦር እንቅስቃሴ ያየችውን ለቻይና ሠራዊት ትናገር ነበር፤ በዚህም ጃፓኖች ለያዛት ሰው የገንዘብ ሽልማት አወጁ። ሚሲዮናዊ እንዲህ ማድረጉ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። እሷ ግን ራሷን የምታየው እንደ ቻይናዊት ነበር።

በ1940 የጸደይ ወራት 100 ያህል ሕፃናትን ይዛ ወጣች። አብዛኞቹ ትንንሾች ነበሩ፤ ከሷ ጋር የሚያግዙት ትልልቆቹ ልጆች ብቻ ነበሩ። የያዙት ምግብ ከጥቂት ቀን አላለፈም። በተራራ መንገድ 12 ቀን ያህል ተጉዘው ቢጫ ወንዝ ሲደርሱ ጃፓኖች እንዳይሻገሩበት ሲባል ጀልባ ሁሉ ተወስዶ ነበር። ለቀናት ዳር ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ ሲዘምሩ የሰማ አንድ የቻይና መኮንን ጀልባ አስመጥቶ አሻገራቸው። ከወንዙ ወዲያ ያለውን መንገድ በእግርና በባቡር፣ ከፊሉንም በከሰል ጭነት ባቡር ላይ ሆነው ጨረሱት። ሺያን ሲደርሱ ከተማዋ በስደተኛ ስለሞላች በሮቿ ተዘግተው ነበርና ልጆቹ ወደ ፉፌንግ ተወስደው ማሳደጊያ ገቡ። ግላዲስ ወዲያው በተስቦ ታማ ራሷን ሳተች፤ ለረጅም ጊዜም አላገገመችም።

ፊልሙና የመጨረሻ ዓመታት

በ1949 ወደ እንግሊዝ ተመልሳ በየቦታው እየዞረች ንግግር አደረገች። እንደገና ወደ ቻይና ለመግባት ብትሞክር አዲሱ መንግሥት ስላልፈቀደላት በሆንግ ኮንግ በኩል ሄዳ በ1958 ታይዋን ተቀመጠች፣ እዚያም የሕፃናት ማሳደጊያ ከፈተች።

በዚያው ዓመት በማርክ ሮብሰን የተዘጋጀው ስለ ሕይወቷ የሚተርክ ፊልም ወጣ። የቻይና ተራሮች ተብለው የሚታዩት በሰሜን ዌልስ ያሉ ተራሮች ናቸው። ቁመቷ 1.5 ሜትር ገደማ የሆነውን ጥቁር ፀጉር ያላትን የለንደን ሴት ረጅሟና ባለ ወርቃማ ፀጉሯ ስዊድናዊት ኢንግሪድ በርግማን ተጫወተቻት። ግላዲስን ያስከፋት ግን ይህ አልነበረም። ፊልሙ የፍቅር ትዕይንቶች ጨምሮላት በመጨረሻም ሕፃናቱን ትታ ወደ አንድ መኮንን ስትሄድ ያሳያታል። እሷ ደግሞ ፊልሙ ሲታይ በታይዋን ሕፃናት እያሳደገች ነበር።

ያረፈችው በታይዋን ሲሆን የተቀበረችው በታይፔ አቅራቢያ በጓንዱ በሚገኘው የክራይስትስ ኮሌጅ ግቢ ነው። በትውልድ ሰፈሯ በኤድመንተን አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሞተች በኋላ በስሟ ተሰይሞ ነበር።