ከነጻ ወረቀት እስከ ጤና መድን፦ የድኻ ልጅ የሕክምና ታሪክ



የዛሬውን ንግግሬን ከአንድ ወረቀት ልጀምር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ ታናሽ እኅቴ ትኩሳት ይዟት ሳሉ አላስተኛት አለ። እናቴ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ቀበሌ ነበር። መክፈል አለመቻሏ በሊቀ መንበሩ ፊርማና በማኅተም መረጋገጥ ስለ ነበረበት ሁለት ቀን ተመላለሰች። ያንን ማስረጃ ሕዝቡ «ነጻ ወረቀት» ይለው ነበር። እኅቴ ድናለች፤ እነዚያ ሁለት ቀናት ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጡም።

ለታሪክ ተመራማሪ ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ነው። ነጻ ወረቀት የሚፈለገው ልጅ ከታመመ በኋላ ነው፤ መድን ግን ሕመሙን ይቀድማል። ይህ ለውጥ በአገራችን የመጣው ዘግይቶ ነው። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ደመወዝተኛውንና ጡረተኛውን የሚመለከት ነበር። ለገበሬውና በግል ሥራ ለሚተዳደረው የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደግሞ በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ዐቅም የሌላቸውን አባወራዎችና እማወራዎች መዋጮ ክልሉና ወረዳው እንዲሸፍኑላቸው ተደረገ።

በእኔ ግምት የሥርዓቱ ትልቁ ብልኀት ብዙ ያልተወራለት ነው፤ አባልነቱ የቤተሰብ እንጂ የግለሰብ አለመሆኑ። ወላጅ «በሽተኛውን ልጅ ላስመዝግብ፣ ጤነኛው ይቆይ» ሊል አይችልም፤ ከ18 ዓመት በታች ያሉት ልጆች ሁሉ በአንድ መዋጮ ይገባሉ። የዚህ ዐይነት ደንብ ዓላማ የመድኑ ካዝና በሕመምተኞች ብቻ እንዳይራቆት ነው። ሴት ልጅ ከወንድሟ እኩል መመዝገቧ ምናልባት ሳይታሰብ የተገኘ ትርፍ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ከካዝናው ይልቅ ይህንን አስበልጣለሁ።

ይኸው በር የሚዘጋባቸው ልጆችም አሉ። ቤተሰብ የሌለው የጎዳና ልጅ በማን መዝገብ ይገባል? ከገጠር መጥታ በከተማ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር የ14 ዓመት ልጅ ስሟ ያለው በወላጆቿ ደብተር ላይ ነው፤ ደብተሩ ደግሞ በዋናነት የሚያገለግለው የትውልድ ወረዳዋ ውል በገባባቸው ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ነው። አሠሪዎቿ አባል ቢሆኑ እንኳ እርሷ ልጃቸው አይደለችም። ሳል ሲያጣድፋት እንደ እናቴ ማኅተም ፍለጋ ልትሄድ ነው፤ ያውም በማያውቃት ቀበሌ።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ከዚህ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል። የቀበሌ ማኅደሮች ግን እንደምታውቁት ብዙ አይቆዩም፤ ፍጠኑ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።