ዓሣ ጎርጓሪና የመስታወት ባሕር

ባለፈው ክረምት ጎረቤቶቻችን ለልጃቸው አኳሪየም ገዙለት። በፈተና ጥሩ ውጤት በማምጣቱ የተሰጠው ሽልማት መሆኑ ነው። የመስታወቱ ገንዳ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀመጠ፤ አሸዋ ተነጠፈበት፤ የላስቲክ ሣር ተተከለበት፤ በማግስቱ ስድስት ወርቃማ ዓሦች ገቡበት። በሳምንቱ አራቱ ሞቱ። በአሥረኛው ቀን የቀሩት ሁለቱ ተከተሉ። እናትየዋ መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ «ጋሼ፣ ምን አጠፋን? ውኃውን በየቀኑ እቀይራለሁ፤ አሸዋውን እንኳ እያወጣሁ በበረኪና ነው የማጥበው» አለችኝ። ልጁ ከጎኗ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል።

ዓሦቹን የገደላቸው ጽዳቱ ነው ብላት አላመነችኝም። አልፈረድኩባትም። የሰው ልጅ ዓሣ በቤቱ ማኖር ከጀመረ ሺህ ዓመት ቢያልፈውም፣ ዓሣው ለምን እንደሚሞትበት የገባው ግን ትናንት ነው ማለት ይቻላል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቻይናውያን በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ከ960 እስከ 1279 ባለው ጊዜ፣ ወርቃማውን ዓሣ እየመረጡ በማራባት በኩሬ ያኖሩት ነበር። የሚያዩት ግን ከላይ ነው፤ ጀርባውን ብቻ። ዓሣው ወደ አውሮፓ የዘለቀው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ሳሙኤል ፔፒስ የተባለው የለንደን ሰው በ1665 በዕለት ማስታወሻው ላይ፣ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ የሚኖሩ የባዕድ አገር ዓሦች ማየቱን ጽፏል። ብርጭቆው መጣ፤ ብልሃቱ ግን ገና ነበር። ዓሣ በመስታወት ማኖር ማለት ውኃ እየደፉ ውኃ መጨመር፣ የሞተውን እየጣሉ ሌላ መግዛት ነበር። ልክ እንደ ጎረቤቴ።

መስታወቱን ከጌጥነት ወደ ዕውቀት መሣሪያነት የለወጠችው አንዲት ልብስ ሰፊ ናት። ዣን ቪልፕሬ ፓወር ትባላለች፤ ፈረንሳዊት ናት። በ1816 ለአንዲት ልዕልት የሠርግ ቀሚስ በመስፋቷ ስሟ ተጠራ። ከዚያ ነጋዴ አግብታ ሲሲሊ ደሴት፣ መሲና ከተማ ገባች። በዚያን ጊዜ ሊቃውንቱ አርጎናውት በሚባለው የኦክቶፐስ ዘመድ ላይ ይከራከሩ ነበር፦ የሚኖርበትን ቅርፊት ራሱ ይሠራዋል ወይስ ከሌላ ይሰርቀዋል? ክርክሩ የሚካሄደው በሞተ እንስሳ ላይ ነው። እሷ ግን በ1832 የመስታወት ገንዳ አሠርታ የባሕር ውኃ ሞላችና እንስሳዋን በሕይወት አስቀመጠቻት። ቅርፊቷን ሰብራ ስትጠብቅ፣ አርጎናውቷ ራሷ ጠገነችው። የሊቃውንቱን ሙግት መርፌ የለመደ እጅና ትዕግሥት ፈታው።

ከዚያ የሚቀጥለው ሰው ለጎረቤቴ የምነግራት ነው። ሮበርት ዋሪንግተን ለንደን ውስጥ የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ኬሚስት ነበር። በ1849 ወደ ሃምሳ ሊትር በሚይዝ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሦችንና ቫሊስኔሪያ የሚባል የውኃ ውስጥ ተክል አስገባ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ዓሣው ያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክሉ ይወስዳል፣ ተክሉ ያስወጣውን ኦክሲጅን ዓሣው ይተነፍሳል። ለጥቂት ጊዜ ሠራ። ቀጥሎ ግን የተክሉ አሮጌ ቅጠል መበስበስ ጀመረ፤ ውኃው ደፈረሰ፤ መስታወቱ አረንጓዴ ለበሰ። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ውኃውን ይደፋው ነበር። ዋሪንግተን ግን ኩሬ ያለ አጣቢ እንዴት እንደሚኖር አሰበና አምስት ስድስት ቀንድ አውጣዎች ጨመረ። ቀንድ አውጣዎቹ የበሰበሰውን በሉ፤ የእነሱን እንቁላል ደግሞ ዓሦቹ በሉት። ውኃው ጠራ። በ1850 ይህንኑ ለኬሚስቶች ማኅበር አቀረበ። እንግዲህ የቤት አኳሪየም ተወለደ የሚባለው ያኔ ነው።

ጊዜውም ረድቶታል። እንግሊዝ በመስታወት ላይ የጣለችውን ግብር በ1845 በማንሳቷ መስታወት ረክሶ ነበር። በ1853 የለንደን የእንስሳት ማቆያ ዓሦች በመስታወት የሚታዩበት ቤት ከፈተ። በ1854 ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «ዘ አኳሪየም» የተሰኘ መጽሐፉን ሲያሳትም ነገሩ ዛሬ የምንጠራበትን ስም አገኘ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ አኳሪየም የሌለው ሳሎን ጨው የሌለው ወጥ ሆነ። ሰው በባቡር እየተሳፈረ፣ መዶሻና ቅርጫት እየያዘ ወደ ባሕር ዳርቻ ወረደ። ከአለቱ ላይ ያለውን ሕይወት እየፈለፈለ ወደ ቤቱ አጋዘው። አብዛኛው ሳሎን ውስጥ ሞተ፤ የሞተውን ለመተካት እንደገና ተወረደ። ፋሽኑ አሥር ዓመት እንኳ በወጉ ሳይዘልቅ በረደ።

የጎስ ልጅ ኤድመንድ በ1907 ባሳተመው «አባትና ልጅ» በተባለው መጽሐፉ፣ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ያያቸው የነበሩ በአለት መሐል ያሉ የባሕር ኩሬዎች ባዷቸውን መቅረታቸውን ያነሳል። አባትየው ይህ የእሱ መጻሕፍት ያመጡት ጣጣ መሆኑን አይቶ ማዘኑንም ይነግረናል። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ይህን መጽሐፍ የማነበው ስለ እምነትና ስለ አስተዳደግ ብዬ ነበር። አሁን አሁን በአእምሮዬ የሚመላለሰው ያ የባሕር ዳርቻ ነው። ሰውየው ባሕርን ስለወደደ ሌላውም እንዲወደው ጻፈ፤ የወደደው ሕዝብ መጥቶ ጨረሰው።

የዋሪንግተን ልጅ ታሪክ ግን ደስ ይላል። እሱም እንደ አባቱ ሮበርት ይባላል፤ እሱም ኬሚስት ሆነ። ሮታምስቴድ በሚባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ፣ አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት አሞኒያን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት እንደሚለውጡ አሳየ። ጥናቱ ስለ እርሻ ቢሆንም፣ አባቱ ያላየውን የአኳሪየም ግማሽ ያገኘው ልጁ ነው። የዓሣ ሽንትና ትርፍራፊ ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ዓሣ ይገድላል። ከዚህ የሚያድኑት በአሸዋውና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ጎረቤቴ በበረኪና ስታጥብ የከረመችው እነዚህን ሠራተኞች ነው።

ስለዚህ አሠራሩ ይህን ያህል ቀላል ነው፦ መቶ ሊትር ውኃ ብቻውን መቶ ኪሎ ስለሚመዝን ጠንካራ መቆሚያ ይዘጋጃል። አሸዋ፣ እውነተኛ ተክልና ማጣሪያ ይገባል። ውኃው ክሎሪኑ እንዲለቀው ይደረጋል። ከዚያ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየተጣለበት፣ ዓሣ ሳይገባበት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይጠበቃል። ባክቴሪያው እስኪራባ ማለት ነው። ከዚያ አንድ ሁለት ዓሣ፤ ሰንበት ብሎ ሌላ። ውኃው ሁሉም በአንዴ አይደፋም፤ በየሳምንቱ ሩቡ ያህል ይቀየራል። ስፖንጁም የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ነው።

ይህን ሁሉ ካስረዳሁ በኋላ ልጁ ቀና አለ። «ጋሼ፣ አጎቴ ከጀርመን ክሬይፊሽ ሊያመጣልኝ ነው። አንድ ብቻ ትበቃለች፣ ያለ ወንድ ራሷ ትወልዳለች ብሎኛል።» እዚህ ላይ ደነገጥኩ።

ክሬይፊሽን በአማርኛ የምንጠራበት የለመድነው ስም የለንም። ሸርጣንን የሚዘመድ፣ ሁለት መቀስ የመሰሉ ክንዶች ያሉት የጣፋጭ ውኃ እንስሳ ነው። ከዓሣ ጋር ለማኖርም ጣጣ አለው። ቀን በድንጋይ ሥር ይደበቃል፤ ማታ የተኛ ዓሣ ይይዛል። ክዳን ካልተገጠመ ወጥቶ ይሄዳል። ሲያድግ ቅርፊቱን ያወልቅና አዲሱ እስኪጠነክር ድረስ ለስላሳ ሆኖ ስለሚቆይ ተራው የእሱ ይሆናል፤ ያኔ ዓሦቹ ይበሉታል። ይህ ግን የገንዳው ውስጥ ጉዳይ ነው። ያስደነገጠኝ ያለ ወንድ መውለዷ ነው።

ያቺን ክሬይፊሽ አውቃታለሁ። ጀርመኖች ማርሞርክሬብስ ይሏታል፤ ሰውነቷ እንደ እብነ በረድ ዥንጉርጉር ነው። የታወቀችው በ1990ዎቹ አጋማሽ በጀርመን የአኳሪየም ወዳጆች ገንዳ ውስጥ ነው። ሰዎቹ አንዷን ለብቻዋ ያስቀምጣሉ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ገንዳው ይሞላል። በ2003 ተመራማሪዎች ያለ ወንድ እንደምትራባ አረጋገጡ። በ2018 የወጣው የዘረ መል ጥናት ደግሞ በዓለም ላይ ያሉት ሁሉ ሴቶች መሆናቸውንና በዘራቸው አንድ ዓይነት መሆናቸውን አሳየ። ቅድመ አያቶቿ የፍሎሪዳና የጆርጂያ ክሬይፊሾች ናቸው፤ እሷ ግን በዱር ያልነበረች፣ የገንዳ ልጅ ትመስላለች። ባለቤቶቿ ብዛቷ ሲያታክታቸው ለጓደኛ ሰጡ፤ ጓደኛም ሲታክተው ሐይቅ ውስጥ ለቀቀ። ዛሬ በበርካታ የአውሮፓ አገሮች ውኃ ውስጥ ትገኛለች። ማዳጋስካርም ደርሳ፣ ከ2007 እስከ 2017 በነበሩት አሥር ዓመታት የተሰራጨችበት ስፋት መቶ እጥፍ አደገ። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 መያዝም፣ መሸጥም፣ ማራባትም ከለከለ። እንግዲህ የእኛ አጎት በሻንጣ ሊያመጣልን ያሰበው እዚያው የተከለከለውን ነው።

«አንዲት ብትሆን ምን ታመጣለች?» ይባል ይሆናል። ከማዳጋስካር በስተቀር አፍሪካ የራሷ ክሬይፊሽ የላትም፤ ስለዚህ ውኃችን አያውቃትም። ጎረቤታችን ኬንያ በ1970 ቀዩን የሉዊዚያና ክሬይፊሽ ለዓሣ ሀብት ብላ ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ አስገባች። ለጥቂት ዓመታት ገበያ ተገኘበት። ክሬይፊሹ ግን የሐይቁን ሥር ሥር እየበላ፣ የውኃ አበባውና ሣሩ ብዙው ጠፋ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይህ ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግ። እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ ዓለምን ያዳረሰው ሐምራዊ አበባው ስላማረ፣ ለኩሬ ጌጥ ብለው ሰዎች ስላዞሩት ነው። እኛ አገር በ1965 ቆቃ ላይ ታየ። በ2011 ጣና ላይ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ያላየ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ጣና ደግሞ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች ቤት ነው። በዚያ ላይ መቀስ ያላት፣ ባል የማያስፈልጋት እንግዳ አይጨመርበት።

ይህንን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። ማታውን ለአጎቱ ደወለ። አጎትየው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ዝም አለ፤ በመጨረሻ «እንግዲያው ቸኮላት ላምጣልህ» አለው አሉ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ቤታቸው ጎራ ብዬ ነበር። የላስቲኩ ሣር ወጥቷል። በቦታው እውነተኛ ተክል ተተክሏል፤ አራት ቀንድ አውጣዎች መስታወቱን ይልሳሉ። ዓሣ የለም። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ባዶ ውኃ ታሳያላችሁ እንዴ?» እያለ እንደሚቀልድባቸው እናትየዋ ነገረችኝ። ልጁ ግን ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፎ ቀን ይቆጥራል። ከወረቀቱ ሥር በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ «ገንዳው ወንዝ ውስጥ አይደፋም።»