ቀይ ቀለም፣ የዜማ ምልክትና ባዶ ቦታ፦ ከድጓ ብራና እስከ ምንጭ ኮድ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሁለት ዓይነት ጽሑፎች ነው። አንደኛው በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት፣ የካቲት 16 ቀን በሚከበረው ዓመታዊ በዓል፣ ሌሊቱን በሚቆመው ማኅሌት የሚዜመውና በድጓ የሰፈረው የዜማ ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው ከዚያው ተራራ ግርጌ ባሉት ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች የኮምፒውተር ተማሪዎች በየቀኑ የሚጽፉት ምንጭ ኮድ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ጠባይ ይጋራሉ፦ በሁለቱም ዘንድ የጽሑፉ አቀማመጥ የትርጉሙ አካል ነው። ምልክቱ ከቦታው ከተነሣ ወይም ባዶው ቦታ ከጠፋ ፊደሉ ሁሉ ባለበት ቢኖርም ጽሑፉ ሌላ ይሆናል።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥያቄ የታሪክ ጥያቄ ነው። ጽሑፍን ከብራና ወደ ማተሚያ፣ ከማተሚያ ወደ ኮምፒውተር ስናሸጋግር የተሻገረው ምንድን ነው? የቀረውስ?

፩. ብራናው

የብራና ጸሐፊ ሥራውን የሚጀምረው ከፊደል አይደለም። ቆዳው ተፍቆ ከተዘጋጀ በኋላ ጸሐፊው ዳር ዳሩን በወስፌ ይወጋል፤ ቀዳዳዎቹን ተከትሎም ያለ ቀለም መስመር ያሠምራል፤ ገጹን በዓምድ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ነው ጥቁሩና ቀዩ ቀለም የሚመጡት። ቀዩ ቀለም ለጌጥ ብቻ የገባ አይደለም። የቅዱሳን ስሞች፣ የክፍል መነሻዎች፣ የመጽሐፍ የመጀመሪያ መስመሮች በቀይ ይጻፋሉ። አንባቢው ገጹን ገና ሳያነብ፣ በዓይኑ ብቻ፣ የት ምን እንደሚጀምር ያውቃል።

በድጓ ደግሞ ሌላ ሽፋን ይጨመራል። የድጓ ጽሑፍ በረቂቅ ፊደል ይጻፋል፤ ከእያንዳንዱ መስመር በላይም ለዜማ ምልክት የሚሆን ቦታ ይተዋል። ዜማው ራሱ ለቅዱስ ያሬድ፣ ማለትም ለስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚሰጥ ነው። ምልክቶቹን በሥርዓት ያቀናጁት ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል። ምልክቶቹ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ቅርጽ ያላቸው ናቸው፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የተባሉት። ስማቸው ራሱ ድምፅ እንዴት እንደሚያዝ፣ እንደሚደፋ፣ እንደሚሄድ፣ እንደሚቆረጥ ይናገራል። ሁለተኛዎቹ ከታወቀ የዜማ ቃል ተቆርጠው የተወሰዱ ጥቃቅን ፊደላት ናቸው፤ ቁጥራቸውም በመቶዎች ይቆጠራል። መሪጌታው አንዲት ወይም ሁለት ፊደል ሲያይ ሙሉው ቃል፣ ከቃሉም ጋር ዜማው ይታወሰዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ምልክቱ በየትኛው ፊደል ራስ ላይ እንደተቀመጠ ወሳኝ ነው፤ በአንድ ፊደል ቢንሸራተት ድፋቱ የሚያርፈው በሌላ ድምፅ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ምልክቱ ያለ መምህር አይነበብም። በቤተልሔም፣ በቆማ፣ በአጫብርና በተጉለት የዜማ ስልት መካከል ልዩነት አለ፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ከመምህር እግር ሥር የተቀመጠ ተማሪ ነው። ጽሑፉ የዜማው ሙሉ መዝገብ ሳይሆን ለሚያውቅ ሰው የተሰጠ ትእዛዝ ነው።

፪. ማተሚያው

የግእዝ ፊደል በማተሚያ የታየው መጀመሪያ በአገሩ አልነበረም። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ቄስ በሮም ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፊደሉን ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። ከዚያም አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 በዚያው በሮም ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። እኚህ አባት በመጽሐፉ ለአንባቢው ይቅርታ ይጠይቃሉ፦ ፊደሉን የለቀሙት ሠራተኞች ማንበብ አይችሉም ነበር፤ እነርሱ መነኮሳቱ ደግሞ የማተም ሙያ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳድተው ሠሩ። ጽሑፉን የሚያስቀምጠው አካል የጽሑፉን ሥርዓት ሳያውቅ ሲቀር ምን እንደሚደርስ ከዚህ በተሻለ የሚገልጽ ምስክርነት አላውቅም።

በአገራችን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የኅትመት ሥራ ሰፋ። የእርሳስ ፊደል ግን ለዜማ ምልክት አመቺ አልነበረም። 231 መሠረታዊ ፊደላትንና ዲቃሎቻቸውን መልቀም ብቻውን ከባድ ነው፤ በላያቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ምልክቶችን በትክክለኛው ቦታ መደርደር ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ስለዚህ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዜማ መጻሕፍት ሲታተሙ የተመረጠው መንገድ ሌላ ነበር፦ ጸሐፊው በእጁ ይጽፋል፤ ገጹ በፎቶግራፍ ተነሥቶ ይታተማል። ማሽኑ ያልቻለውን ሥርዓት ሥዕሉ ጠበቀው። ይህን ምርጫ አስታውሱልኝ፤ ኋላ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

የጽሕፈት መኪናም ተመሳሳይ ችግር ነበረበት። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደሉን ለጽሕፈት መኪና ሲያስማሙ ለላቲን ፊደል በተሠራ ጥቂት ቁልፍ ሁሉንም ፊደል ማስቀመጥ አይቻልም ነበርና ፊደላቱ ከአካልና ከቅጥያ ተገጣጥመው እንዲጻፉ ሆነ። ደብዳቤ ተጻፈበት፤ መሥሪያ ቤት ተሠራበት፤ የፊደሉ ውበት ግን ተጎዳ።

፫. ኮዱ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጽሑፍ ልሻገር። የኮምፒውተር ምንጭ ኮድ ለማሽን ብቻ የተጻፈ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የመስኩ መሥራቾች ግን እንደዚያ አላሰቡም። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የአልጎል 60 መግለጫ ለአንድ ቋንቋ ሦስት መልክ ሰጠው፦ የማመሳከሪያ መልክ፣ የኅትመት መልክ፣ የማሽን መልክ። በኅትመት ላይ እንደ ‹ጀምር› እና ‹ጨርስ› ያሉት የቋንቋው ቃላት ደመቅ ባለ ፊደል ይታተሙ ነበር፤ ልክ በብራና ላይ የክፍል መነሻው በቀይ እንደሚለይ። እ.ኤ.አ. በ1966 ፒተር ላንዲን የመስመር መነሻ ባዶ ቦታ ራሱ ትርጉም እንዲኖረው ሐሳብ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1984 ዶናልድ ክኑት ፕሮግራም በመጀመሪያ ሰው የሚያነበው ድርሰት መሆን አለበት ብሎ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1985 ማይክ ካውሊሾው የሠራው ሌክስ የተባለ የጽሑፍ ማረሚያ ክፍሎችን በቀለም ይለይ ነበር፤ የተሠራውም ለኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሥራ ነው። ዛሬ ፕሮግራመሮች ሁሉ የሚገለገሉበት ባለ ቀለም ኮድ ከቀደምት ምንጮቹ አንዱ መዝገበ ቃላት መሆኑ ለእኛ ለታሪክ ሰዎች ደስ የሚል ነገር ነው።

የላንዲን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው ፓይተን በተባለው ቋንቋ በሰፊው ታወቀ። በአማርኛ ቃላት ላሳያችሁ፦

ለእያንዳንዱ ተማሪ፦
    ውጤቱን ደምር
ድምሩን አሳይ

እንዲህ ሲጻፍ ድምሩ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ይታያል። ሦስተኛው መስመር እንደ ሁለተኛው ገባ ብሎ ቢጻፍ ግን፦

ለእያንዳንዱ ተማሪ፦
    ውጤቱን ደምር
    ድምሩን አሳይ

ድምሩ በእያንዳንዱ ተማሪ ይታያል። አንድም ፊደል አልተለወጠም፤ የተለወጠው ባዶ ቦታ ነው። በድጓ ላይ የተንሸራተተ ድፋትና በዚህ ኮድ ላይ የጠፋ ባዶ ቦታ የአንድ ቤተሰብ ስሕተቶች ናቸው።

ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ ደግሞ በተፈጥሮው ተከታታይ ባዶ ቦታዎችን ወደ አንድ ይጨፈልቃል። ስለዚህ ‹ይህ ጽሑፍ እንደተቀመጠ ይቀመጥ› የሚል የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠ ከላይ ያሳየኋችሁ ኮድ በገጹ ላይ ሦስት ደረቅ መስመር እንኳ አይሆንም፤ አንድ መስመር ይሆናል። የቢሮ ጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራሞችም ቀጥ ያለውን ትእምርተ ጥቅስ ለውበት ብለው ያጎብጡታል፤ ኮዱም ሲገለበጥ አይሠራም። ማሽኑ እንደ ሮም ለቃሚዎች በቅንነት ይረዳናል፤ የሚረዳውን ግን አያነብም።

፬. ፊደላችን በኮምፒውተር

የግእዝ ፊደል ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ሁለቱ ታሪኮች ተገናኙ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለውን ሥርዓት አቀረቡ፤ አማርኛን በላቲን ፊደል ጽፎ ወደ ግእዝ ለመመለስ የሚያስችል ነበር። በዚህ ሥርዓት ትንሹ የላቲን ፊደል ለተ፣ ትልቁ ለጠ ይቆማል። እንግዲህ አንድ ፕሮግራም ዐረፍተ ነገር በትልቅ ፊደል መጀመር አለበት ብሎ የመጀመሪያውን ፊደል ቢያተልቀው ‹ተራ› የነበረው ‹ጠራ› ይሆናል። በዚያው ዘመን እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር የራሱ ቁጥር ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችንን በዓለም አቀፍ መደብ አስገባ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው 4.1 ደግሞ 10 የዜማ ምልክቶችን ጨመረ፦ ከላይ የጠራኋቸውን ስምንቱን፣ አጭር ርክርክንና ደረት ሂደትን። ይህ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን ምልክቶቹ የተመዘገቡት ራሳቸውን ችለው በመስመር ላይ እንደሚቀመጡ ምልክቶች እንጂ በፊደል ራስ ላይ እንደሚያርፉ አይደለም። ምልክቱ ስም አገኘ፤ ቦታውን ግን የሚሰጠው ገጹን የሚያዘጋጀው ሰው ነው። ለዚህ የሚያገለግል ዘዴ አለ፤ ለጃፓንና ለቻይና ጽሑፍ ተብሎ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2001 የድረ ገጽ ደረጃ የወጣለት ሩቢ የተባለው፣ ትንሽ ጽሑፍን በዋናው ጽሑፍ ራስ ላይ የሚያስቀምጥ አጻጻፍ ነው። የፊደል ምልክቶቹ በመቶዎች ቢሆኑም ከፊደል የተሠሩ ስለሆኑ በዚሁ ዘዴ ሊሰፍሩ ይችላሉ።

የቃል መለያችን ሁለት ነጥብም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶታል። በብራና ላይ ባዶ ቦታን የተካው እርሱ ነው። ዩኒኮድ ግን ከሥርዓተ ነጥብ ይመድበዋል፤ አንድ ተራ ፕሮግራም ‹ቃላቱን በባዶ ቦታ ለያይ› ቢባል በሁለት ነጥብ የተለያዩ ቃላትን እንደ አንድ ረጅም ቃል ይቆጥራቸዋል። ቁጥራችንም እንዲሁ ነው። ዜሮ የለውም፤ በቤት ደረጃም አይቆጠርም፤ ፓይተንም ‹፩›ን ቁጥር አድርጎ አይቀበልም።

፭. ሥዕል ወይስ ጽሑፍ?

አሁን ቀደም ሲል አስታውሱልኝ ወዳልኩት ምርጫ ልመለስ። ተማሪዎቼ በሚያቀርቡልኝ የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ኮድ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በፎቶ ነው፤ የስክሪኑን ሥዕል አንሥተው ይለጥፉታል። ምክንያታቸውን እረዳለሁ፤ ሥዕሉ ባዶ ቦታውንና ቀለሙን ይጠብቃል። የድጓ አሳታሚዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ተማሪው የሚከተለው የአባቶቹን መንገድ ነው።

ሥዕል ግን የሚከፈልበት ዋጋ አለው። አይፈለግም፤ አይገለበጥም፤ አይታረምም፤ ዓይኑ ለማያይ ሰው በድምፅ አይነበብለትም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት በፎቶ ተነሥተዋል፤ ብዙዎቹን ከጥፋት ያዳነውም ይህ ሥራ ነው። ሆኖም ‹ይህ ምልክት በየትኞቹ መጻሕፍት በዚህ ቃል ላይ ይገኛል?› ብሎ ለሚጠይቅ ተመራማሪ ፎቶው ብቻውን መልስ አይሰጥም። በሌላ በኩል ምልክቱን ትቶ ቃሉን ብቻ መጻፍ ቀላል ነው፤ ይፈለጋል፤ ይገለበጣል፤ ግን ድጓ መሆኑ ይቀራል። የዜማ መጽሐፍ የጸሎት መጽሐፍ ብቻ ሆኖ ያርፋል።

ሦስተኛው መንገድ ሥርዓቱን ራሱን መጻፍ ነው፦ ይህ ቃል በቀይ ነው፣ ይህ ምልክት የዚህ ፊደል ነው፣ ዓምዱ እዚህ ያልቃል ብሎ ማሽኑ በሚገባው ቋንቋ መመዝገብ። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው ‹ቤተ መጻሕፍት› የተሰኘው ፕሮጀክት የኢትዮጵያንና የኤርትራን ብራናዎች መግለጫ የሚመዘግበው በእንዲህ ዓይነት ሥርዓት ነው። ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ብዙ ጥያቄም ያስነሣል። ምልክቱ የዚህ ፊደል ነው ለማለት ዜማውን ማወቅ ይጠይቃል። መዝጋቢው ማንበብ የማይችል ለቃሚ ከሆነ የሮም ታሪክ ይደገማል።

መደምደሚያዬም ከዚህ የሚነሣ ነው። በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ማኅሌት የሚቆመው መሪጌታ የድጓውን አቀማመጥ ያውቃል፤ የኮምፒውተር ተማሪው የኮዱን አቀማመጥ ያውቃል። እያንዳንዳቸው አቀማመጥ ትርጉም መሆኑን በየሙያቸው በሚገባ ተረድተዋል፤ እርስ በርስ ግን አልተነጋገሩም። ለድጓ የሚሆን ዲጂታል ሥርዓት ሳይሠራ በቆየ ቁጥር ምርጫችን በፍለጋ በማይገኝ ሥዕልና በማይዜም ጽሑፍ መካከል ይሆናል፤ ምልክቱን በቦታው የሚያነቡት መምህራን ደግሞ እየጠበቁን ለዘላለም አይኖሩም። ስለዚህ ለትምህርት ክፍሎቻችን የማቀርበው ሐሳብ ግልጽ ነው፦ የኮምፒውተርና የግእዝ ተማሪ በአንድ የመመረቂያ ሥራ ላይ፣ አንድ የዜማ መምህር በአማካሪነት ተጨምሮ፣ አንድ የድጓ ክፍል ከነምልክቱ ለድረ ገጽ ያዘጋጁ። አንድ ክፍል በትክክል ከተሠራ ለሌላው መንገዱ ይታወቃል።