የከብት ሥጋና የአየር ንብረት

ከተለመዱት ምግቦች መካከል የከብት ሥጋን ያህል በአየር ንብረት ላይ የሚከብድ ጥቂት ነው፤ በኪሎ ሲሰላ ከዶሮ ሥጋ ብዙ እጥፍ ጋዝ ያስወጣል። ነገሩ የሚጀምረው ከጨጓራ ነው። ገለባ ሲበላ የዋለ በሬ ማታ ተኝቶ ሲያመሰኳ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው፣ የዋጠው መኖ በአንገቱ ሽቅብ ሲመለስ፣ ዳግም ተላምጦ ሲወርድ፣ በመሐሉም በሬው ሲያገሳ ያስተውላል። በጨጓራው የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ገለባውን ሲያብላሉት ሚቴን የተባለ ጋዝ ይፈጠራል። አብዛኛው የሚወጣው ብዙዎች እንደሚሉት በፈስ ሳይሆን በዚያ ግሳት ነው። ሚቴን በአየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ያህል ቢሆንም፣ በ100 ዓመት ስሌት ከእኩል ካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ያህል ያሞቃል።

ሁለተኛው ምክንያት መሬት ነው። በብራዚል አማዞን ከተመነጠረው ደን አብዛኛው የከብት ግጦሽ ሆኗል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ሰው ከሚያስወጣው ሙቀት አማቂ ጋዝ 14.5 በመቶው ከእንስሳት እርባታ ይመጣል፤ ከዚህም ሁለት ሦስተኛው ገደማ የከብት ነው፣ ወተቱም ተቆጥሮ።

ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ አገሪቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ከለቀቀችው 150 ሚሊዮን ቶን ጋዝ 65 ሚሊዮኑን ለእንስሳት ሀብት ሰጥቶታል። ሕዝቡ ግን ሥጋ በላተኛ የሚባል አይደለም። ብዙ ቤተሰብ የበሬ ሥጋ የሚቀምሰው ለበዓል በቅርጫ ነው፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመንም በዓመት ከ150 ቀን በላይ ይጾማል። ታዲያ ጋዙ ከየት በዛ? በሬው ለዓመታት ሞፈርና ቀንበር ሲጎትት ኖሮ፣ ሲደክም ነው አደልበው የሚያርዱት። የዕድሜ ልክ ግሳቱ ለጥቂት ኪሎ ሥጋ ሲካፈል በኪሎ የሚሰላው አኃዝ ያብጣል። ይህ ስሌት በሬውን ይበድላል፤ ጋዙ ያረሰው ጤፍና ስንዴም ጭምር ነውና። ሥጋ ቀንሱ የሚለው ምክር በቅድሚያ የሚገባው በየዕለቱ ለሚበላው አገር እንጂ፣ ለፋሲካ መደብ ለሚገዛ ገበሬ አይደለም።

ለገበሬው የሚበጀው መኖውን ማሻሻል ነው። ዩሪያ በውኃ ተበጥብጦ የተረጨበትና አየር እንዳይገባው ለሦስት ሳምንት ያህል ታፍኖ የቆየ ገለባ ይለሰልሳል፣ በቀላሉም ይፈጫል። እንዲህ የተመገበ ከብት ቶሎ ይደልባል፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሥጋ የሚያወጣው ሚቴንም ያንሳል።