የእንግሊዝ አሮጌ መኪናዎች ዋጋ ስለ መውጣቱና ስለ መውረዱ



በዚህ ዓመት ለመጽሔታችን ያዘጋጀነው ጽሑፍ ስለ እንግሊዝ አገር አሮጌ መኪናዎች ዋጋ ነው። ነገሩ ከእኛ የራቀ ይመስላል። ነገር ግን ላንድሮቨርን የማያውቅ ከመካከላችን አይገኝም። ደግሞም ጥሪቱን ዕቃ ገዝቶ የሚያስቀምጥ ሰው ሁሉ ከዚህ ታሪክ የሚማረው አለው። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ እንግሊዝ በዕዳ ተይዛ ነበር። መንግሥት ብረትን እየመጠነ ያድል ስለነበረ፣ ብረት በቅድሚያ የሚሰጠው መኪናውን ውጭ አገር ሸጦ ዶላር ለሚያመጣ ፋብሪካ ነው። ላንድሮቨር በ1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ሲታይ ገላው ከአሉሚኒየም የተሠራው ብረት በመጥፋቱ ነበር። በመስከረም 1949 ደግሞ የአንድ ፓውንድ ዋጋ ከ4 ዶላር ከ3 ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ከ80 ሳንቲም ዝቅ ተደረገ። በዚህ ጊዜ የእንግሊዝ መኪና ለአሜሪካኖች ረከሰላቸው፤ ጃጓሩም ኤም ጂውም በብዛት ባሕር ተሻገረ። የኋላ ኋላ እንግሊዞች የራሳቸውን አሮጌ መኪና ፍለጋ አሜሪካ ድረስ የሄዱት ለዚህ ነው።

በ1973 መጨረሻ የነዳጅ ዋጋ ናረ። በ1974 መጀመሪያ ላይም የድንጋይ ከሰል ሠራተኞች ሥራ በማቀዝቀዛቸው መብራት እንዲቆጠብ ተብሎ፣ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች በሳምንት 3 ቀን ብቻ እንዲሠሩ ታዘዘ። ታዲያ ቤንዚን የሚጠጣ ትልቅ ሞተር ማን ይግዛ? በ1961 ጄኔቫ ላይ ሲታይ ጉድ የተባለለት ጃጓር ኢ-ታይፕ እንኳ ያገለገለው በርካሽ የሚገኝበት ጊዜ መጣ። ብሪቲሽ ሌይላንድ የተባለው ትልቁ ኩባንያ በ1975 በመንግሥት እጅ ገባ። ከዚያም ፓውንዱ ሲጠነክር ኤም ጂ ቢን ለአሜሪካ መሸጥ ኪሳራ ሆነና በ1980 የአቢንግደን ፋብሪካ ተዘጋ።

ፋብሪካው ሲዘጋ አሮጌው መኪና ከእንግዲህ የማይሠራ ዕቃ ሆነ። በጥቅምት 1987 የአክሲዮን ገበያ ሲወድቅ ባለገንዘቦች በእጅ የሚዳሰስ ንብረት መፈለግ ጀመሩ። በእንግሊዝ ሕግ የግል መኪና ሸጦ ባተረፉት ላይ የሀብት ዕድገት ግብር አይከፈልም፤ ይህም ሰዉን ሳበው። ወለዱም በ1988 ወደ 7 ተኩል በመቶ ወርዶ ስለነበረ ብዙው ሰው ከባንክ ተበድሮ ገዛ። መኪናውን ሳይነዳው ጋራዥ ቆልፎበት ዋጋው እስኪጨምር ይጠብቅ ጀመር።

ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ እንዲሉ፣ በጥቅምት 1989 ወለዱ 15 በመቶ ገደማ ደረሰ። የቆመ መኪና እንደ ቤት ኪራይ አያስገባም፤ ይልቁንም የጋራዥና የኢንሹራንስ ወጪ ይጠይቃል። ስለዚህ ተበዳሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊሸጥ ወጣ። ገዢ ግን የለም፤ ገዢ የነበረውም እንደሱ ተበዳሪ ነበርና። ገበያው ፈረሰ። መኪናው ያው መኪና ነው፤ የተለወጠው የብድሩ ዋጋ ነው።

በዚያ ጊዜ ያልተጎዳው በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ይነዳው የነበረው ሰው ነው። መለዋወጫ የሚሠሩትም ብዙዎቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ በ1988 ለኤም ጂ ቢ አዲስ ገላ ማውጣት ጀምሮ ስለነበረ፣ የዛገ መኪና ያለው ሰው መኪናውን ማዳን ቻለ።

ታሪኩ ተደግሟል። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ፣ በመጋቢት 2009 የእንግሊዝ ባንክ ወለድ ወደ ግማሽ በመቶ ወረደ። ገንዘብ ባንክ ቢቀመጥ ምንም ስለማያፈራ የመኪና ዋጋ እንደገና ወጣ። በሰኔ 2016 እንግሊዞች ከአውሮፓ ማኅበር ለመውጣት ድምፅ ሲሰጡ ፓውንዱ ወረደ፤ የውጭ ገዢም ቀናው። በነሐሴ 2017 አንድ አስቶን ማርቲን የእሽቅድምድም መኪና ካሊፎርኒያ ውስጥ በጨረታ 22 ሚሊዮን ከ5 መቶ 50 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ነገር ግን ወለዱ በታኅሣሥ 2021 ከነበረበት አንድ አሥረኛ በመቶ ተነሥቶ በነሐሴ 2023 ወደ 5 ከሩብ በመቶ ሲወጣ ገበያው ዳግመኛ ቀዘቀዘ። በተለይ ከ5 መቶ ሺህ በላይ የተሠራው ኤም ጂ ቢ ማሳደሻው ከመሸጫው የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። እንዲህ ያለ ዕቃ በደህና ቀን ፈላጊው ብዙ ነው፤ በክፉ ቀን ግን ሁሉም ሻጭ ይሆናል። እድራችን በየወሩ መዋጮ የሚሰበስበው ለቅሶ ቀጠሮ ስለሌለው ነው። ለክፉ ቀን የተባለ ገንዘብ በዚያው ቀን ካልተገኘ፣ በወረቀት ላይ ምን ያህል ቢያወጣ ለሐዘንተኛው ምን ይረባዋል? ዕቃ የሚወድ ዕቃውን ይግዛ፣ ይደሰትበትም፤ ነገር ግን ከትርፍ ገንዘቡ እንጂ ከብድር አይሁን፤ የቤተሰቡን መጠባበቂያም አይንካ እንላለን።